ነጋዴ አገረ ገዥ ሲሆን፦ የቨርጂንያው ማርክ ዋርነር እንዴት ተሳካለት?

ጥያቄ፦ «የምኖረው አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂንያ ነው። በ2021 ግሌን ያንግኪን ለአገረ ገዥነት ሲወዳደር ብዙ ወዳጆቼ ደግፈውት ነበር። አንዱ ምክንያታቸው ‘ሰውዬው ቢዝነስ ያውቃል፤ ስቴቱንም እንደ ኩባንያ ይመራዋል’ የሚል ነው። እውነት ንግድ የተሳካለት ሰው ስቴት ማስተዳደርም ይሳካለታል? የተሳካለት ካለስ እንዴት ተሳካለት?»

መልስ፦

የሚሳካለት አለ። ስቴቱን ዕዳ ውስጥ ነክሮት የሚሄድም አለ። የእኔ ሥራ የስቴቶችን በጀት ማገላበጥ ነው። ነጋዴ ለሥልጣን ሲወዳደር ስንት ሚሊዮን እንዳለው ብዙም አያስጨንቀኝም። ያንን ሚሊዮን ሲሠራ ሰው እያዘዘ ነበር ወይስ ሰው እየለመነ? ይሄኛው ነው ብዙ የሚናገረው።

ለምሳሌው ሩቅ አንሄድም፤ እዚያው እርስዎ ሰፈር አለ። ማርክ ዋርነር። ዛሬ ብዙ ሰው የሚያውቀው በሴናተርነቱ ነው። ከ2002 እስከ 2006 ግን የቨርጂንያ አገረ ገዥ ነበር። ከዚያ በፊት ደግሞ በሞባይል ስልክ ንግድ የከበረ ሰው ነው። ከመሠረቱት አንዱ የሆነበት ኮሎምቢያ ካፒታል የተባለው ኩባንያ መቀመጫው አሌክሳንድሪያ ነው። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጽፈው፤ እዚህ አገር ያለነው ለምደነዋል።)

ዋርነር ከሀብታም ቤት አልመጣም። በ1954 ኢንዲያናፖሊስ ተወለደ፣ ኮነቲከት ውስጥ ሁለተኛ ደረጃን ጨረሰ። ከቤተሰቡ ኮሌጅ የጨረሰ የመጀመሪያው ሰው ነው። ዲሲ በሚገኘው ጆርጅ ዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ተማረ፤ ቀጥሎ ሃርቫርድ ገብቶ በ1980 በሕግ ተመረቀ። ጥብቅና ግን አልሠራም። ለዴሞክራቲክ ፓርቲ ገንዘብ አሰባሳቢ ሆነ። የገንዘብ አሰባሳቢ ሥራ ምን እንደሆነ ለቤተክርስቲያን ወይም ለመስጊድ ግንባታ ገንዘብ ሰብስቦ የሚያውቅ ሁሉ ይረዳዋል። ቀኑን ሙሉ ስልክ እየደወሉ «እምቢ» መስማት ነው።

ከዚያ ንግድ ሞከረ። የመጀመሪያው በኃይል ዘርፍ ነበር፤ በስድስት ሳምንት ከሰረ። ሁለተኛው ሪል እስቴት ነው፤ እሱ ስድስት ወር ቆየ። ይህን ራሱ በየመድረኩ እየሳቀ ይናገረዋል። ሦስተኛው ሞባይል ሆነ።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ነገሩ ያለው እዚህ ነውና። በ1980ዎቹ መጀመሪያ ሞባይል ስልክ ማለት መኪና ውስጥ የሚገጠም ውድ ዕቃ ነበር። የፌዴራሉ የመገናኛ ኮሚሽን፣ ኤፍሲሲ የሚሉት፣ አገሩን በገበያ ከፋፍሎ ለእያንዳንዱ ገበያ ሁለት ፈቃድ ይሰጣል። አንደኛው ለነባሩ የስልክ ኩባንያ ነው። ሁለተኛው ለሌላ አመልካች። ለትልልቆቹ ከተሞች አመልካቾችን እያወዳደረ ለመስጠት ሞከረ፤ ሥራው ግን አላልቅ አለ፣ ማመልከቻው እንደ ጉድ ጎረፈ። ስለዚህ ከ1984 ጀምሮ ለቀሩት ከተሞች ዕጣ ማውጣት ያዘ። አዎ፣ ዕጣ።

ዕጣው የደረሰው ሰው አንቴና ምን እንደሚመስል እንኳ ላያውቅ ይችላል። ወይ ገንዘብ የለውም። ወይ ደግሞ ዕጣው ከመውጣቱ በፊት ከሌሎች አመልካቾች ጋር «ለማንም ይውጣ፣ እንካፈላለን» ብሎ ተፈራርሟል። ዋርነር የገባው እዚህ መሃል ነው። ፈቃድ ፈላጊውን ከባለገንዘብ ያገናኛል። የሚጠራጠሩ ሰዎችን አንድ ወረቀት ላይ ያስፈርማል። ለድካሙም ከድርሻው ትንሽ ይቆርሳል። ደላላ ነበር ብንል ማጋነን አይሆንም። ደላላ ደግሞ ማንንም ማዘዝ አይችልም። ያለው መሣሪያ ምላሱና ሒሳቡ ነው። አንዱ ካኮረፈ ነገሩ ሁሉ ይፈርሳል።

ከእነዚያ ትንንሽ ድርሻዎች ነው ሀብቱ የተጠራቀመው። በ1989 ከሸሪኮቹ ጋር ኮሎምቢያ ካፒታልን አቋቋመ። ኔክስቴል የተባለው የሞባይል ኩባንያ ላይ ቀድመው ገንዘብ ካስገቡት ሰዎች አንዱ ነው። ጎን ለጎን ፖለቲካውን አልተወም። በዚያው በ1989 የዳግላስ ዋይልደርን የምርጫ ዘመቻ መርቷል፤ ዋይልደር በአሜሪካ ታሪክ በሕዝብ የተመረጠ የመጀመሪያው ጥቁር አገረ ገዥ ነው። ቀጥሎ ዋርነር የቨርጂንያ ዴሞክራቶች ሊቀመንበር ሆነ።

በ1996 ለአሜሪካ ሴኔት ተወዳደረ። ተፎካካሪው ሌላ ዋርነር ነበር፤ ነባሩ ሪፐብሊካን ሴናተር ጆን ዋርነር። ዝምድና የላቸውም። ሰው እንዳይምታታበት የማርክ ደጋፊዎች መኪናቸው ላይ «ማርክ እንጂ ጆን አይደለም» የሚል ስቲከር ለጠፉ። ከራሱ ኪስ ብዙ ሚሊዮን ዶላር አፈሰሰ፤ 47 ለ52 ተሸነፈ።

ብዙ ነጋዴ እዚህ ላይ ነው የሚያቆመው። ገንዘቡም ክብሩም ተነክቷል፤ ወደ ንግዱ ይመለሳል። ዋርነር ግን የተሸነፈበትን ካርታ ቁጭ ብሎ ያጠና ይመስለኛል። በቀጣዮቹ አምስት ዓመታት እንደ ማርቲንስቪልና ዳንቪል ወዳሉት፣ የጨርቃ ጨርቅና የቤት ዕቃ ፋብሪካ እየተዘጋባቸው ወዳሉ የስቴቱ ደቡባዊ ከተሞች ይመላለስ ጀመር። እነዚያ አካባቢዎች አዲስ ድርጅት ላይ የሚያውል ገንዘብ እንዲያገኙ የኢንቨስትመንት ፈንዶች አቋቋመ። በ2001 ለአገረ ገዥነት ሲቀርብ ለገጠሩ ሰው እንግዳ አልነበረም። የናስካር ውድድር ላይ የሚሮጥ መኪና ስፖንሰር አደረገ። በገጠሩ የብሉግራስ ዜማ የምርጫ ዘፈን ተሠራለት። አዳኞች የሚደግፉት ቡድን አደራጀ። ሰሜን ቨርጂንያ ያለው ምሁር ሳቀበት። እሱ ግን ሪፐብሊካኑን ማርክ ኧርሊን 52 ለ47 አሸነፈ።

በዚያው ምሽት ሪፐብሊካኖች ከስቴቱ ተወካዮች ምክር ቤት 100 መቀመጫ 64ቱን ያዙ። የስቴቱ ሴኔትም የእነሱ ነበር።

ለኩባንያ አለቃ ይህ ቅዠት ነው። ስቴት ከሱቅ ይልቅ ለእድር ይቀርባል። የእድር ሊቀመንበር አባላቱን አልመረጣቸውም፤ ማባረርም አይችልም። አሥር ዶላር መዋጮ ለመጨመር ስብሰባ መጥራት አለበት። ስብሰባው ላይ ደግሞ ከሦስት ሊቀመንበር በፊት ያኮረፈ ሰው አይጠፋም። የቨርጂንያ አገረ ገዥ እንዲህ ያሉ 140 ሰዎች አሉት፤ 100 በተወካዮች ምክር ቤት፣ 40 በሴኔት። ያለ እነሱ አንድ ሳንቲም አያወጣም።

ቨርጂንያ ላይ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። አንድ ገዥ ተከታትሎ ሁለት ጊዜ መመረጥ አይችልም። ይህን ሙሉ በሙሉ የሚከለክል ሌላ ስቴት አሜሪካ ውስጥ የለም። አራት ዓመት፣ በቃ። ከዚህ የባሰው ግን ከውጭ ያለ ሰው ልብ የማይለው የበጀቱ ጉዳይ ነው። በጀቱ የሁለት ዓመት ነው። ተሰናባቹ ገዥ በዲሴምበር የመጪውን ሁለት ዓመት በጀት ለምክር ቤቱ አስገብቶ፣ በጃንዋሪ ሻንጣውን ይዞ ይወጣል። አዲሱ ሲገባ ጠረጴዛው ላይ የሚጠብቀው የሌላ ሰው በጀት ነው። ሊያስተካክለው ይችላል፤ የእሱ ግን አይደለም። የራሱን ሙሉ በጀት የሚያቀርበው ሁለት ዓመት ሊሞላው ሲል ነው። ቀጣዩን ሲያዘጋጅ ደግሞ ራሱም ተሰናባች ሆኗል። ጽፎ፣ አስጸድቆ፣ ሥራ ላይ ሲውል ቢሮው ሆኖ የሚያየው በጀት አንድ ብቻ ነው ማለት ነው።

ዋርነር የመጣበት ጊዜም ክፉ ነበር። የኢንተርኔት ኩባንያዎች አክሲዮን ተንኮታኩቷል። በላዩ ላይ የሴፕቴምበር 11 ጥቃት ተጨመረ። ፔንታገን ያለው ቨርጂንያ ነው፤ ለሳምንታት ተዘግቶ የቆየው ሬገን ኤርፖርትም እዚያው ነው። የስቴቱ ገቢ ደረቀ። ጉድለቱ በየሩብ ዓመቱ እያደገ ሄዶ በድምሩ ወደ 6 ቢሊዮን ዶላር ደረሰ።

የመኪና ታክሱ ጉዳይም አለ። ከዋርነር በፊት የነበረው ጂም ጊልሞር በ1997 የተመረጠው «የመኪና ታክስ ይቅር» በምትል አንዲት መፈክር ነው። ታክሱን የሚሰበስበው ካውንቲው ወይም ከተማው ነው፤ ስለዚህ ስቴቱ በባለመኪናው ፈንታ ለካውንቲው ሊከፍል ተስማማ። ሽፋኑ በየዓመቱ እያደገ ከመኪናው የመጀመሪያ 20,000 ዶላር ዋጋ ላይ ከሚሰላው ታክስ 70 ፐርሰንት ደረሰ። ወጪው ወደ ቢሊዮን ዶላር እየተጠጋ መጣ፤ ገንዘብ ግን የለም። ዋርነር 70 ላይ አስቆመው። በ2004 ደግሞ ስምምነት ላይ ተደርሶ ከ2006 ጀምሮ ስቴቱ በዓመት የሚያወጣው በ950 ሚሊዮን ዶላር ተገደበ።

ፌርፋክስ ወይም አሌክሳንድሪያ የሚልክልዎትን የመኪና ታክስ ወረቀት አውጥተው ይመልከቱ። ከጠቅላላው ላይ ስቴቱ የሚሸፍነው ተብሎ የሚቀነስ መስመር አለ። ያቺ መስመር የዚያ ስምምነት ልጅ ናት። 950 ሚሊዮኗ ከዚያ ወዲህ አልተነቃነቀችም። መኪናው ግን በዛ፣ ዋጋውም ወጣ። ያው ገንዘብ ለብዙ መኪና ስለሚከፋፈል የሚቀነሰው ፐርሰንት ከ70 ወርዷል። አንድ ነገር ልጨምር፣ ወገን ብዙ ጊዜ ይሳሳታልና፦ ከግማሽ በላይ ማይሉን ለሥራ የሚነዳ መኪና ቅናሹን አያገኝም። ታክሲና ኡበር የምትነዱ ይህን አጣሩ።

ወደ ዋርነር። በ2001 ሲወዳደር ታክስ አልጨምርም ብሎ ነበር። ይህ አይካድም፤ ተቃዋሚዎቹም እስከ ዛሬ አልረሱለትም። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ዓመታት ቃሉን ጠብቆ ሲቆርጥ ከረመ። በ2002 መጸው ከ1,800 በላይ የስቴት ሠራተኛ እንደሚሰናበት አስታወቀ። መንጃ ፈቃድ ከሚሰጡት የዲኤምቪ ቢሮዎች እንኳ አንዳንዶቹ ተዘጉ። ፈቃድ ለማሳደስ የተሰለፈ ሁሉ ጉድለቱን በዓይኑ አየው። አንዳንድ ሰው ይህን ሆን ተብሎ የተደረገ ነው ይላል፤ ቁጥር ለማንም አይገባም፣ የዲኤምቪ ሰልፍ ግን ይገባል። እኔም ሳስበው ደላላው ዋርነር ይህን ሳያውቅ ያደረገው አይመስለኝም።

በዚያው ኖቬምበር ክፉኛ ተሸነፈ። ሰሜን ቨርጂንያ ውስጥ ለመንገድና ለባቡር የሚውል የግማሽ ሳንቲም የሽያጭ ታክስ ለሕዝብ ድምፅ ቀርቦ ነበር። ዋርነር ደግፎታል፣ የንግድ ምክር ቤቶች ደግፈውታል። ሕዝቡ እምቢ አለ። የሚገርመው በዚያው ቀን ለዩኒቨርሲቲዎች ግንባታ ቦንድ እንዲሸጥ ሕዝቡ ፈቅዷል። ሰዉ ገንዘቡ የት እንደሚገባ ሲያየው ይከፍላል፤ ካላመነ ደግሞ ትራፊክ ውስጥ ሦስት ሰዓት መቀመጥን ይመርጣል።

ሁለተኛው ሙከራ የተለየ ነበር። በሴፕቴምበር 2003 ሙዲስ የተባለው የብድር ደረጃ አውጪ ቨርጂንያን ደረጃዋ ሊወርድ በሚችል ዝርዝር ውስጥ አስገባት። ቨርጂንያ ከ1938 ጀምሮ ትሪፕል ኤ የያዘች ስቴት ናት፤ ከዚያ በላይ ደረጃ የለም። ደረጃው ቢወርድ ለእያንዳንዱ ትምህርት ቤትና ድልድይ በሚወሰደው ብድር ላይ ወለዱ ይጨምራል። ለተራው ሰው ይህ ቋንቋ አይገባውም። ለሪፐብሊካን ባንክ ባለቤትና ለፋብሪካ ባለቤት ግን ቶሎ ይገባዋል። ዋርነር በእነሱ ቋንቋ የሚያወራ ዴሞክራት ነበር። የነጋዴነቱ ጥቅም በግልጽ የታየው እዚህ ነው።

ዕቅዱን እስከ ኖቬምበር 2003 ደብቆ ቆየ። ለምን? በዚያ ወር የምክር ቤት ምርጫ ነበር። ምርጫው እስኪያልፍ ማንንም አላስጨነቀም። ካለፈ በኋላ ቻርቱን ይዞ ስቴቱን ዞረ። የሽያጭ ታክስ አንድ ሳንቲም ይጨመር፣ የሲጋራው ታክስ ከፍ ይበል፣ የምግቡ ይውረድ፣ ዝቅተኛ ገቢ ላለው የገቢ ታክሱ ይቀንስ የሚል ነበር። በሁለት ዓመት ወደ 1 ቢሊዮን ዶላር የሚጠጋ የተጣራ ጭማሪ ያመጣል።

ከዚያ ያልተጠበቀ ነገር መጣ። የሴኔቱ የፋይናንስ ኮሚቴ ሊቀመንበር ጆን ቺቼስተር ሪፐብሊካን ነው። እሱ የዋርነር ዕቅድ አነሰ አለ! ለመንገድ፣ ለትምህርት፣ ለሁሉም ካሰብን ከዚህ በጣም የሚበልጥ ነው የሚያስፈልገን ብሎ የራሱን ዕቅድ አወጣ። በሌላ ወገን የተወካዮች ምክር ቤቱ አፈ ጉባኤ ዊልያም ሃውልና ሰዎቹ ታክስ የሚባል ነገር መስማት አልፈለጉም። አንዱ ጫፍ ላይ ቺቼስተር፣ ሌላው ጫፍ ላይ ሃውል። ሲወዳደር ከግራ የመጣው ዴሞክራት ሳይንቀሳቀስ መሃል ላይ ተገኘ። ዕድል ነው? በከፊል። ግን ሪፐብሊካን ከአንተ በላይ ታክስ ሲጠይቅ አፍህን ይዘህ ዝም ማለትም ችሎታ ይጠይቃል። ብዙ ፖለቲከኛ «አያችሁ፣ እነሱም አመኑ» ብሎ ጮኾ ነገሩን ያበላሸው ነበር።

መደበኛው ጉባኤ ያለ በጀት አለቀ። ልዩ ጉባኤ ተጠራ። ማርችም አለፈ፣ ኤፕሪልም። በመጨረሻ ከተወካዮች ምክር ቤት 17 ሪፐብሊካኖች ከመሪዎቻቸው ተነጥለው ወጡ። በጀቱ በሜይ 2004 አለፈ። የሽያጭ ታክሱ ከ4.5 ወደ 5 ፐርሰንት ወጣ። የአገሪቱ ዝቅተኛ የነበረው የሲጋራ ታክስ ከፓኬት 2 ሳንቲም ተኩል በሁለት ደረጃ ወደ 30 ሳንቲም አደገ። የምግብ ታክሱ ከ4 ወደ 2.5 እንዲወርድ ተወሰነ። የተገኘው ገንዘብ ሲደመር ዋርነር መጀመሪያ ከጠየቀው በለጠ። ትሪፕል ኤውም ተረፈ።

ክሬዲቱ ሁሉ ግን የእሱ አይደለም። ወንበራቸውን ለአደጋ የሰጡት እነዚያ 17 ሰዎች ናቸው፤ ታክስ ጠል ቡድኖች በቀጣዩ ምርጫ አንዳንዶቹን ለማስወገድ ዘምተውባቸዋል። እሱ የሠራው እነዚህ ሰዎች ሲወጡ ፊታቸውን የሚሸፍንላቸው ነገር ማዘጋጀት ነበር። የንግዱ ኅብረተሰብ አጠገባቸው ቆመ፤ የምግቡ ታክስ ቅናሽ ደግሞ ሰፈራቸው ተመልሰው የሚያሳዩት ነገር ሆነላቸው። የሞባይል ፈቃዱ ጊዜ ሥራው ይኸው አልነበረም? ሁሉም አንዳች ነገር ይዞ ወደ ቤቱ እንዲሄድ ማድረግ።

የኩባንያ ጭንቅላቱ ያላዋጣው ቦታም አለ። የስቴቱ መሥሪያ ቤቶች እያንዳንዳቸው የየራሳቸው ኮምፒዩተርና ኔትወርክ ነበራቸው። ዋርነር አንድ ላይ እናድርገው አለ። በመጨረሻ በ2005 ኖርዝሮፕ ግሩማን ለተባለው ኩባንያ የአሥር ዓመት ውል ተሰጠ፤ ዋጋው ወደ 2 ቢሊዮን ዶላር ነው። ወረቀት ላይ ቁጠባ ነበር። በሥራ ላይ መዘግየትና ንትርክ ሆነ። በኦገስት 2010 አንድ ብልሽት 26 መሥሪያ ቤቶችን መታ፤ ዲኤምቪ ለቀናት መንጃ ፈቃድ መስጠት አቃተው። ያኔ ዋርነር ሴናተር ሆኗል፤ ጣጣውን የቀመሱት ተከታዮቹ ናቸው። ኩባንያ ውስጥ ውል ካልሠራ ይቋረጣል፣ ኪሳራው ይዋጣል። ስቴት ላይ ግን ውሉን ለማፍረስ የሚወጣው ወጪና ሌላ አቅራቢ እስኪገኝ የሚቆመው አገልግሎት እጅ ያስራል።

ቢሮውን ሲለቅ ከአሥር ሰው ከሰባት በላይ ሥራውን ይደግፍ ነበር። ምክትሉ ቲም ኬይን ተተካ። በ2008 ዋርነር ለሴኔት ተወዳድሮ 65 ፐርሰንት አግኝቶ አሸነፈ። የተሸነፈው ጂም ጊልሞር ነው፤ የመኪና ታክሱ ሰውዬ።

አሁን የሌላውን ዓይነት ነጋዴ ልንገርዎት። ብሩስ ራውነር በኢሊኖይ የግል ኢንቨስትመንት ኩባንያ ሰው ነበር። ሥራው ኩባንያ መግዛት፣ አመራሩን መለወጥ፣ አትርፎ መሸጥ ነው። እዚያ ዓለም ድርሻውን የገዛ ይወስናል። በ2014 ተመረጠና በጃንዋሪ 2015 ሥልጣን ያዘ። ምክር ቤቱ በዴሞክራቶች እጅ ነበር፤ አፈ ጉባኤው ማይክል ማዲገን ደግሞ አሥርተ ዓመታት የከረመ ሰው ነው። ራውነር የሠራተኛ ማኅበራትን ጉልበት የሚቀንሱና ሌሎች ለውጦች ካልጸደቁ በጀት የለም አለ። ማዲገን አልደነገጠም። ኢሊኖይ 736 ቀን ያለ ሙሉ በጀት ተቀመጠች። ዩኒቨርሲቲዎች ሠራተኛ በተኑ፣ የማኅበራዊ አገልግሎት ድርጅቶች በራቸውን ዘጉ፤ ያልተከፈለ ሒሳብ ወደ 15 ቢሊዮን ዶላር ተከመረ። በጁላይ 2017 የራሱ ፓርቲ ሰዎች ሳይቀሩ ከዴሞክራቶች ጋር ሆነው የእሱን ቪቶ ሻሩና በጀቱን አሳለፉ፤ የገቢ ታክሱም ከ3.75 ወደ 4.95 ፐርሰንት ወጣ። በ2018 ተሸነፈ። ያሸነፈው ጄ.ቢ. ፕሪትዝከር ደግሞ ከራውነር የበለጠ ሀብታም ነው፤ ሕዝቡ በገንዘብ አልተማረረም ማለት ነው።

ኩባንያ ውስጥ ማስፈራራት ይሠራል፤ ሌላው ወገን የሚያጣው ገንዘብ ነውና። ማዲገን ግን በጀቱ በዘገየ ቁጥር ምንም አላጣም። ራውነር ይህን እስከ መጨረሻው የገባው አይመስለኝም።

ስለ ያንግኪን ጠይቀዋልና። በ2021 ብዙ ኢትዮጵያውያን አሜሪካውያን የደገፉት በቢዝነሱ ብቻ አይደለም፤ ዋሽንግተን በኢትዮጵያው ጦርነት ላይ በያዘችው አቋም ተቆጥተውም ነው። እሱ ሌላ ወሬ ነው። ንግዱ ላይ ስንመጣ ሰውዬው ካርላይል ግሩፕ በተባለው የግል ኢንቨስትመንት ኩባንያ ውስጥ 25 ዓመት ሠርቷል፤ መጨረሻ ላይ ከሁለቱ ዋና ሥራ አስፈጻሚዎች አንዱ ነበር። ለምርጫው ከራሱ 20 ሚሊዮን ዶላር አውጥቷል። ያሸነፈው 50.6 ለ48.6 ነው።

ከዋርነር ጋር ማወዳደር ግን በአንድ ነገር ያስቸግራል። ዋርነር ባዶ ካዝና ነው የተረከበው። ያንግኪን ከኮቪድ በኋላ የተትረፈረፈ ገንዘብ ላይ ነው የመጣው። ገንዘብ ሲኖር መስማማት ይቀላል፤ በ2022 ለግብር ከፋዩ ተመላሽ ተላከ፣ ከጃንዋሪ 2023 ጀምሮ ስቴቱ ከምግብ ላይ ይወስድ የነበረው 1.5 ፐርሰንት ቀረ። ዛሬ ግሮሰሪ ሲገዙ የሚከፍሉት የአካባቢው 1 ፐርሰንት ብቻ ነው። ዋርነር በ2004 የጀመረውን መቀነስ ሪፐብሊካኑ ጨረሰው ማለት ይቻላል።

ፈተናው የመጣው እርስዎ ሰፈር፣ ፖቶማክ ያርድ ነው። በዲሴምበር 2023 ያንግኪን ከቡድኖቹ ባለቤት ከቴድ ሊዮንሲስ ጋር ቆሞ የቅርጫት ኳሱን ዊዛርድስንና የበረዶ ሆኪውን ካፒታልስን ከዲሲ ወደ አሌክሳንድሪያ የሚያመጣ የ2 ቢሊዮን ዶላር ስታዲየም አበሰረ። እንደ ንግድ ውል ካየነው ሥራው ያለቀ ነበር፤ ሁለቱ ዋና ሰዎች ተስማምተዋል። ሩት 1 ላይ የሚነዳ ሰው ሁሉ ትራፊኩን አስቦ አንገቱን ነቀነቀ፤ እሱም ቢሆን ሊታለፍ ይችል ነበር። ያልታለፈችው ሉዊዝ ሉካስ ናት። የሴኔቱ የፋይናንስ ኮሚቴ ሊቀመንበር፣ ከፖርትስማውዝ የመጣች አንጋፋ ዴሞክራት። ለስታዲየሙ የሚያስፈልገው ቦንድ ያለ እሷ ኮሚቴ አይወጣም። እሷና ባልደረቦቿ የሚፈልጉት ነገር ደግሞ ድብቅ አልነበረም፤ የዝቅተኛ ደመወዝ ጭማሪ፣ የማሪዋና ሕጋዊ ሽያጭ፣ በእነሱ አካባቢ የሚከፈለው የመንገድ ቀረጥ ቅናሽ። ያንግኪን በጊዜ አልተደራደረም። እሷም በጀቱ ውስጥ አላስገባችውም። በማርች 27፣ 2024 አሌክሳንድሪያ ከተማ ድርድሩ ማብቃቱን ገለጸች። በዚያው ቀን ሊዮንሲስ ከዲሲ ጋር የ515 ሚሊዮን ዶላር ስምምነት ይዞ እዚያው ቀረ። ያንግኪን በዚያ ዓመት 201 ሕጎችን በቪቶ መለሰ።

ያንግኪን ራውነር አይደለም። ስቴቱን አላቆመም፣ በጀት አስጸድቋል። ግን ስታዲየሙ ላይ የገባው የሁለት ሰዎች ውል ይዞ ነው፤ ወሳኟ ሦስተኛ ሰው ከመግለጫው በፊት መስማማቷ አልተረጋገጠም። ዋርነር ቢሆን መግለጫው ከመሰጠቱ በፊት ፖርትስማውዝ ሄዶ ቡና ይጠጣ ነበር ብዬ እገምታለሁ።

ስለዚህ ቀጣዩ ባለሀብት ድምፅዎን ሲጠይቅ የኩባንያውን መጠን ይተዉት። ሸሪክ ነበረው ወይስ ብቻውን ይወስን ነበር? አንድ ሥራ ከስሮበት ያውቃል? ከተሸነፈ ወይ ከከሰረ በኋላስ የት ሄደ? በምርጫ ክርክር ላይ «ስቴቱን እንደ ኩባንያ እመራለሁ» ካለ፣ የምክር ቤቱ የፋይናንስ ኮሚቴ ሊቀመንበሮችን ስም ያውቅ እንደሆነ የሚጠይቀው ሰው ቢኖር ደስ ይለኛል። የገንዘቡን ምንጭ ማየት ከፈለጉ ደግሞ ቨርጂንያ ለምርጫ መዋጮ ጣሪያ የላትም፤ ሀብታሙ የፈለገውን ያህል ከኪሱ ያወጣል። ማን ለማን ስንት እንደሰጠ ግን ይመዘገባል። ቨርጂንያ ፐብሊክ አክሰስ ፕሮጀክት የተባለው ድርጅት ድረ ገጹ ላይ በስም፣ በዚፕ ኮድና በሥራ ዘርፍ ለይቶ በነፃ ያሳያል። የእርስዎን ዚፕ ኮድ አስገብተው ይጀምሩ።